ሳይፈርሙ ቃሉን ማወቅ

(ስለ ለቅሶና ስለ ድግስ መሰናዶ ቃላት በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)





  እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁት በመዝገብ ቤት ነው፤ ደብዳቤ ሲገባ ቁጥር ሰጥቼ፣ ሲወጣ ፈርሜ፣ ፋይል ከፍቼ ፋይል ዘግቼ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ። ይሁን እንጂ የመዝገብ ቤት ሥራ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም በወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል ትንሽ ቢመስልም ገንዘብ የሚያስከፍል፣ ሰው የሚያካስስ መሆኑን ነው።

የዛሬው ነገሬም ስለ ቃል ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንዳንድ አባላት «ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱን ሁሉ ሸጠን፣ ለቅሶ ሲደርስ ከአከራይ ድርጅት ብንከራይ ምን ይጎድልብናል?» ብለው ሐሳብ ማቅረባቸውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሐሳቡ መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ልጆቻችን ሥራ ውለው የሚገቡ ናቸው፣ ድንኳን የሚተክል ጉልበት እየጠፋ ነው። ድምፅ የምንሰጠው ዛሬ ከሰዓት ነው። ታዲያ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት እነዚህ ድርጅቶች የሚናገሩትን ቋንቋ ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ። «ፓኬጅ»፣ «ኬተሪንግ»፣ «ሰርቪስ ቻርጅ»፣ «ሚኒመም ጋራንቲ» ሲሉን አንገታችንን ነቅንቀን የምንፈርም ከሆነ፣ የተስማማነው በምን ላይ እንደሆነ እኛም አናውቀውም።

ነገሩን ከሥር ልጀምር። ድግስ ማሰናዳት ለአገራችን ሰው አዲስ ሙያ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር በሚገባበት ጊዜ ሺሕ ሰው በተራ በተራ እየገባ ይበላ እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። ያ የግብር አዳራሽ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድነት ፓርክ ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ያላያችሁ ሄዳችሁ እንድታዩት እመክራለሁ። ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ አይገባም ነበር። እንግዳውን እየመራ ወደ ንጉሡ የሚያቀርበው ሊጋባ ይባል ነበር። በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው አጋፋሪ ነው። ምግቡንና መጠጡን ለእንግዳው የሚያደርሰው አሳላፊ ሲሆን፣ የማጀቱንና የጓዳውን ሥራ በበላይነት የሚያዘው ደግሞ አዛዥ ይባል ነበር። ገንዘቡንና ዕቃውን በጅሮንዱ ይጠብቃል። እንግዲህ ዛሬ «ፕሮቶኮል» የሚሉትን ሥራ አጋፋሪው፣ «ኮኦርዲኔተር» የሚሉትን አዛዡ፣ «አስተናጋጅ» የምንለውን አሳላፊው ይሠሩት ነበር ማለት ነው። ሥራው የኖረ ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

ከተማችንም ትልቅ እንግዳ መቀበልን ከጥንት ታውቃለች። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የአፍሪካ መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው ቻርተሩን የፈረሙት እዚሁ አዲስ አበባ ነው። በእኛ ወገን በቦሌ ደግሞ፣ የ2000 ዓ.ም. አዲስ ዓመትን ለመቀበል ሲባል ሚሌኒየም አዳራሽ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ የአዳራሹ፣ የዲኮሩ፣ የድንኳን አከራዩ ማስታወቂያ መንገዱን ሞልቶታል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ከሌላው ሰፈር ይልቅ እኛን ይመለከታል።

አሁን ወደ ራሳችን ቃላት ልምጣ። ስለ እድር የጻፉ ሰዎች፣ ይህ ማኅበር በከተማችን ውስጥ በጣም የተስፋፋው ከ1928 ዓ.ም. የጣልያን ወረራ ጊዜ ጀምሮና ከዚያም ወዲህ ነው ይላሉ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እድር የራሱን ቋንቋ አበጅቷል። ወጣቶች ስለማያውቁት ጥቂቱን እዘረዝራለሁ።

ለፋፊ ማለት የሞት መርዶ ለእድርተኛው የሚያሰማ ነው። ቀድሞ ጡሩምባ እየነፋ በየመንደሩ ይዞር ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ በስልክ መልእክት ይተካል። ተረኛ የሚባለው በዚያ ወር ድንኳን ለመትከል፣ ወንበር ለማመላለስ፣ በሐዘን ቤት ለማገልገል ተራው የደረሰው አባል ነው። ቀሪ ማለት ተራው ደርሶ ሳይመጣ የቀረ ሲሆን፣ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይቀጣል። ንብረት ያዥ ማለት ዕቃውን በመዝገብ ቆጥሮ የሚያወጣ፣ ቆጥሮ የሚያስገባ ነው። ካስማ፣ ምሰሶ፣ ሸራ የሚሉት የድንኳኑ ክፍሎች ናቸው፤ ካስማው በጎደለ ጊዜ ድንኳኑ በነፋስ እንደሚነሣ ባለፈው ክረምት ዓይታችኋል። ጎላ የሚባለው ትልቁ የወጥ ድስት ነው።

የቀኖቹም ስሞች አሉ። የቀብሩ ዕለት፣ ቀጥሎም በሦስተኛው ቀን ሠልስት፣ ከዚያ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ ይሄዳል። ተዝካር ማለት ለሟች መታሰቢያ የሚደረግ ጸሎትና ምጽዋት፣ ዝክር ነው። እዝን ማለት ዘመድ ወዳጅ ለሐዘንተኛው ቤት ይዞት የሚመጣው ምግብ ነው። በእስልምና እምነት ተከታይ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዘንድ ደግሞ አስከሬኑ የሚገነዝበት ጨርቅ ከፈን፣ ጸሎቱና ሽኝቱ ጀናዛ፣ ለሟች ተብሎ የሚሰጠው ምጽዋትና የሚበላው ሰደቃ ይባላል። በእነርሱ ሥርዓት ቀብር የሚፈጸመው ሳይዘገይ፣ ከተቻለም በዚያው ዕለት ስለሆነ፣ እድሩ ድንኳኑን በሰዓታት ውስጥ ማድረስ ይጠበቅበታል። ይህን ነጥብ በአእምሮአችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሠርጉንም ቃላት እናንተ ታውቋቸዋላችሁ። ሽምግልና፣ ቀለበት፣ ጥሎሽ፣ ሚዜ፣ መልስ፣ ቅልቅል እያሉ ነው። ዳስ ማለት በእንጨትና በቅጠል ወይም በሸራ የሚሠራ የድግስ መጠለያ ነው። ደጋሽ ማለት የድግሱ ባለቤት፣ ወጪው የሚያርፍበት ሰው ነው። ዘመናዊው ቋንቋ ደጋሹን «ክላየንት» ይለዋል። ክላየንት ማለት ግን ደንበኛ እንጂ ባለቤት ማለት አይደለም፤ ደንበኛ ደግሞ እንደ ደንበኛ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

እንግዲህ ወደ አዲሶቹ ቃላት ልግባ። በአምስት ከፍዬ አስቀምጣቸዋለሁ።

አንደኛ፤ የቦታ ቃላት። «ቬኒዩ» ማለት ድግሱ የሚደረግበት ቦታ ነው፤ አዳራሽ፣ ሜዳ ወይም ሆቴል ሊሆን ይችላል። «ካፓሲቲ» ማለት የሚይዘው ሰው ብዛት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወንበር በረድፍ ተደርድሮ ለስብሰባ ሲሆን አምስት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ክብ ጠረጴዛ ሲገባበትና የሙሽሮች መድረክ ሲሠራበት የሚይዘው በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ «ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም፤ «በክብ ጠረጴዛ፣ ቡፌው ተዘርግቶ፣ መድረኩ ቆሞ ስንት ይይዛል?» ተብሎ ይጠየቅ። «ሴት አፕ» ማለት ዕቃ ገብቶ የሚሰናዳበት ጊዜ ሲሆን፣ ከድግሱ በኋላ ዕቃ የሚነሣበትም ጊዜ አለ። የኪራዩ ሰዓት እነዚህን ይጨምር እንደሆነ ማረጋገጥ ነው፤ አለዚያ «ሰዓት አልፏል» ተብሎ ተጨማሪ ይከፈላል።

ሁለተኛ፤ የማሳመሪያ ቃላት። «ዲኮር» ማለት ጠቅላላው ማስጌጫ ነው። «ባክድሮፕ» ማለት ከሙሽሮቹ ወንበር በስተኋላ የሚሰቀለው መጋረጃ ወይም አበባ ነው። «ሴንተርፒስ» በየጠረጴዛው መካከል የሚቀመጠው አበባ ወይም ሻማ ነው። «ቻርጀር» የሚሉት፣ የስልኩን አትምሰላችሁ፣ ከመመገቢያው ሳሕን ሥር የሚቀመጥ ሰፊ ጌጠኛ ሳሕን ነው፤ ምግብ አይቀርብበትም፣ ኪራይ ግን ይከፈልበታል።

ሦስተኛ፤ የማዕድ ቃላት። «ኬተሪንግ» ማለት ምግቡን አብስሎ፣ አምጥቶ፣ አሰልፎ፣ አሳልፎ፣ ዕቃውንም አጥቦ የሚሄድ አገልግሎት ነው። አንዳንዱ ግን «ኬተሪንግ» ብሎ አብስሎ ብቻ ያመጣል፤ አሳላፊው ከእናንተ ነው። «ሜኑ» የምግቡ ዝርዝር ነው። «ቡፌ» እንግዳው ተነሥቶ ራሱ የሚያነሣበት ሲሆን፣ «ፕሌትድ» የሚሉት በሳሕን ተደርጎ በየጠረጴዛው የሚቀርበው ነው። «ኮርኬጅ» ማለት ከውጭ ገዝታችሁ ባስገባችሁት መጠጥ ላይ አዳራሹ የሚያስከፍለው ነው። ስለዚህ ቤት የተጣለ ጠጅና ጠላ ይዞ ለመግባት ያሰበ ደጋሽ፣ መግባት መቻሉን አስቀድሞ ጠይቆ በጽሑፍ ያስፍር።

አራተኛ፤ የመድረክ ቃላት። «ኤምሲ» ማለት መድረክ መሪ ነው። «ሳውንድ ሲስተም» የድምፅ ማጉያው ከነመሣሪያው ነው። «ፕሮግራም» ወይም «ራን ዳውን» ማለት በስንት ሰዓት ምን እንደሚሆን በተራ የተጻፈበት ወረቀት ነው። «ስታንድባይ ጄኔሬተር» ማለት መብራት ቢጠፋ የሚነሣ ማመንጫ ሲሆን፣ ነዳጁ በማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። እትዬ አንዲት ባለፈው ሰሞን ስትነግረኝ፣ «ጄኔሬተር አለን አሉ፣ አለም፤ ነዳጁ ግን በእናንተ ነው ብለው ልጄን በሙሉ ልብሱ ማደያ ላኩት» አለችኝ። ሳቅን፤ ለእርስዋ ግን በዚያች ማታ የሚያስቅ አልነበረም።

አምስተኛ፤ የገንዘብ ቃላት። ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ስለሆነ በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

«ፓኬጅ» ማለት ብዙ አገልግሎት በአንድ ዋጋ የታሰረበት ጥቅል ነው። ጥቅል ሲፈታ ነው በውስጡ ያለው የሚታየው። «ይሄ እኮ ፓኬጁ ውስጥ የለም አባባ» የሚለው ቃል የሚመጣው በድግሱ ዋዜማ ነው። ስለዚህ በውስጡ ያለው አንድ በአንድ ተጽፎ፣ የሌለውም «የሌለ» ተብሎ ተጽፎ ይያያዝ።

«ፕሮፎርማ» ማለት የዋጋ ማቅረቢያ ነው፤ ደረሰኝ አይደለም። ከሦስት ቦታ ማምጣት መልካም ነው። ሲነጻጸር ግን አንዱ ታክስ ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ጽፎት እንዳይሆን ይታይ። በሕጋችን ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሰው ሁሉ «ቫት» የሚለው፣ ከመቶ 15 ነው። በብዙ ሆቴሎች ደግሞ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚባል ከመቶ 10 የአገልግሎት ክፍያ አለ። በቁጥር ላሳያችሁ። ለአንድ ሰው 1,200 ብር ተባለ እንበል፤ ጥሪው 300 ሰው ነው። 360,000 ብር ይሆናል። ከመቶ 10 ሲጨመር 36,000፣ ድምሩ 396,000 ብር። በዚያ ላይ ከመቶ 15 ሲታሰብ 59,400 ብር ይጨመራል። ጠቅላላው 455,400 ብር ሆነ። እንግዲህ ደጋሹ በልቡ የያዘው 360,000 ነበር፤ 95,400 ብር ከየት ይመጣል? ከብድር ነው የሚመጣው። ስለዚህ «ሁሉንም ጨምሮ ስንት ነው?» የምትለዋ አንዲት ጥያቄ ዘጠና አምስት ሺሕ ብር ታወጣለች።

«ሚኒመም ጋራንቲ» ማለት እንግዳው ቢመጣም ባይመጣም የምትከፍሉበት ትንሹ ቁጥር ነው። 300 ብላችሁ ፈርማችሁ 240 ሰው ቢመጣ የምትከፍሉት የ300 ነው። በሥጋ በልና በጠጪ የሚገመት የቤት ድግስ ቢሆን የተረፈው ለጎረቤት፣ ለነዳይ ይሆን ነበር፤ በአዳራሽ ግን የተረፈውን ይዞ መውጣት የሚፈቀደው በውሉ ከተጻፈ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መፈረም፣ ሰው ሲበዛ መጨመር ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ቃል ደረስሁ። እርሱም ቀብድ ነው። ብዙዎቻችን ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ አንድ ይመስሉናል። በአፍ አንድ ይሁኑ፤ በሕግ ግን የተለያዩ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይናገራል። አሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። ቀብድ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ማለትም 50,000 ብር ቀብድ ሰጥታችሁ አዳራሹ «ለሌላ ሰጥቻለሁ» ቢላችሁ 100,000 ብር መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ብዙ ሰው አያውቀውም፤ አከራዩም አይነግረውም። ቅድሚያ ክፍያ ግን ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የተከፈለ ሒሳብ ነው፤ ይህ የቀብድ ደንብ በራሱ አይከተለውም። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የትኛው ቃል እንደሆነ ገንዘቡን ከመቁጠር በፊት ይነበብ።

ስሙን የማልጠራው አንድ ጎረቤታችን ላይ የደረሰውን ብነግራችሁ ነገሩ ይገባችኋል። የልጁ ሠርግ ለጥር ተቆርጦ ነበር። እንደምታውቁት በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደረግ፣ ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ አዳራሽ ሁሉ ይያዛል። እርሱም ከስድስት ወር በፊት 60,000 ብር ቀብድ ብሎ ከፈለ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሙሽራው አያት፣ የእርሱ እናት፣ ዐረፉ። እኛ ድንኳን ተከልን፣ ቀበርን፣ አስተዛዘንን። ሐዘን ላይ ሆኖ ሠርግ አይሆንምና ቀኑ እንዲዛወርለት አከራዩን ጠየቀ። አከራዩ ውሉን አወጣ፤ ስለ ቀን መዛወር የተጻፈ አንዲት ቃል የለበትም። «እኛ ዝግጁ ነን፤ የተዉት እርስዎ ነዎት» አሉት። ስልሳ ሺሕ ብሩ ቀረ። በሚያዝያ ሌላ አዳራሽ እንደገና ያዘ። ጎረቤታችን ከዚያ ወዲህ ለአንድ ዓመት ያህል ዕዳ ሲከፍል ኖረ። እናቱን በቀበረበት ወር ስለ ቀብድ ተከራከረ ማለት ነው።

አከራዩን ወንበዴ ነው ልል አልፈልግም፤ እርሱም ያንን ቀን ለሌላ ማከራየት ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ሁሉም ይቀር ነበር። መስመሩም ይህ ነው፤ «በተዋዋዩ ቤተሰብ ውስጥ ሞት ቢደርስ፣ ተዋዋዩ በሦስት ቀን ውስጥ ካስታወቀ፣ የድግሱ ቀን ያለ ቅጣት ወደ ሌላ ክፍት ቀን ይዛወራል፤ የተከፈለውም ገንዘብ ለአዲሱ ቀን ይታሰባል።» ይህን መስመር ገልብጣችሁ ያዙት። እኛ የለቅሶ ማኅበር ነን፤ ሞት በሠርግ ላይ እንደሚመጣ ከእኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ታዲያ ሞት ከአቅም በላይ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» የሚለውም የሕግ ቃል ነው፤ በቁጥር 1792ና በተከታዩ ይገኛል። አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ውሉን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግድ ነገር ማለት ነው። የመንግሥት ክልከላ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጦርነት፣ የራሱ የተዋዋዩ ሞት ወይም ድንገተኛ ከባድ ሕመም በዚህ ይቆጠራሉ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ሚሌኒየም አዳራሽም የሕሙማን ማቆያና ማከሚያ ሆኖ ሳለ፣ ያን ጊዜ ሠርግ ያልሆነለት ሰው ይህን ምክንያት ማንሣት ይችል ነበር። የእናት ወይም የአያት ሞት ግን ልብ የሚሰብር ቢሆንም በውል ላይ ካልተጻፈ በዚህ ስም ይታለፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ነው መስመሩ ይጻፍ የምለው።

ሌላው ቃል ገደብ ነው። ውል ያፈረሰ ወገን የሚከፍለው ተብሎ አስቀድሞ የሚቆረጥ ገንዘብ ነው። ብዙ ጊዜ በደጋሹ ላይ ብቻ ተጽፎ ይመጣል። «በሁለታችንም ላይ ይጻፍ» ማለት መብታችሁ ነው። የውሉ ማሳረጊያ ላይ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት የጸና ነው» የምትል ቃል ብታዩ፣ ትርጉሟ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «አላነበብሁትም» ማለት አያዋጣም። «ዳሜጅ ዲፖዚት» የሚሉት ደግሞ ዕቃ ቢሰበር ብለው የሚይዙት መያዣ ነው፤ ዕቃው ሲገባም ሲወጣም ተቆጥሮ ካልተፈራረማችሁ የሰበረውን ማን ያውቃል?

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጉዳይ ልመለስ። ድንኳናችንን እንሽጥ ወይስ እናቆይ? በበኩሌ ያለኝን አስተያየት በሦስት ነጥብ አቀርባለሁ።

አንደኛው የጊዜ ነገር ነው። ሠርግ ቀን ይቆረጥለታል፤ ሞት ቀን አይቆረጥለትም። ከላይ ያዙልኝ ያልሁት ነጥብ ይህ ነው። ጠዋት ያረፈ ወገን ከሰዓት በኋላ የሚቀበር ከሆነ፣ ፕሮፎርማ ከሦስት ቦታ የሚሰበስብ ማን ነው? ጥር ላይ አከራዩ ድንኳኑን ሁሉ ለሠርግ ሰጥቶ በምንፈልግበት ሰዓት «የለም» ቢለን ሐዘንተኛውን ፀሐይ ላይ እናስቀምጠዋለን? የራሳችን ንብረት ግን በዕቃ ግምጃ ቤታችን ነው፤ ቁልፉ በንብረት ያዡ እጅ ነው።

ሁለተኛው የቦታ ነገር ነው። በእኛ በኩል ብዙዎቻችን የምንኖረው በጋራ መኖሪያ ቤት ነው። ሥራው በሙከራ የተጀመረውም እዚሁ ገርጂ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ አያትና ወደ የካ አባዶ ሰፋ። በሕንፃዎቹ መካከል ያለው ሜዳ ጠባብ ነው፣ መኪናም ይቆምበታል። የአከራዮች ትልልቅ ድንኳን አይገባበትም። የእኛ ድንኳን ግን ለዚያው ሜዳ ተለክቶ የተሰፋ ነው። «ኮሚናል» የምንለውም የጋራ ቤት ለማብሰያ ይሆናል።

ሦስተኛው የጉልበት ነገር ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም። ወጣቶቻችን ተራቸው ሲደርስ ከሥራ መቅረት አይችሉም፤ አዛውንቶቹ ካስማ መምታት አቅቶናል። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ፣ ንብረቱ የእድሩ ሆኖ ይቆይ፤ ለመትከልና ለመንቀል ግን በቀን ሒሳብ የሚከፈላቸው ሁለት የሰፈራችን ልጆች በውል ይያዙ። ሥራ የሚፈልግ ልጅ በሰፈራችን ሞልቷል። ተረኛው ሥራው አስተናጋጅነት፣ እንግዳ መቀበልና ከሐዘንተኛው ጋር መቀመጥ ይሁን። ይህም አጋፋሪነት ነው፤ አባቶቻችን ያከበሩት ሥራ ነው። ድንኳን የሚያከራይ ድርጅት ይገኛል፤ ከሐዘንተኛ ጎን ተቀምጦ የሚያድር ሰው ግን በየትኛውም ፓኬጅ ውስጥ ተጽፎ አላየሁም።

ከዚህ ሌላ ወንበሩና ብረት ድስቱ ለአባላት ሠርግና ክርስትና በአነስተኛ ዋጋ ቢከራይ፣ ገቢው ለካስማና ለሸራ መጠገኛ ይሆናል። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን የተፈቀደ ነው፤ አባላት ግን አይጠቀሙበትም። አዳራሽ መከራየት ለሚፈልግ ደግሞ አልቃወምም። ዘመኑ ነው፤ ልጆቻችንም ይፈልጉታል። ብቻ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች ይጠይቅ።

1. ታክሱንና ሰርቪስ ቻርጁን ጨምሮ ጠቅላላው ስንት ነው?
2. ትንሹ የሚከፈልበት የሰው ቁጥር ስንት ነው? እስከ መቼ ድረስ መለወጥ ይቻላል?
3. አሁን የምከፍለው ቀብድ ነው ወይስ ቅድሚያ ክፍያ? ደረሰኙ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?
4. ሞት ቢደርስብኝ ቀኑ ይዛወራል?
5. እናንተ ብትተዉ ምን ትከፍላላችሁ?
6. በፓኬጁ ውስጥ የሌለው ምንድን ነው?
7. ዕቃው ሲገባና ሲወጣ ማን ቆጥሮ ይፈራረማል?

ማንበብ የሚቸገሩ እናቶች ቢኖሩ፣ ውሉን ይዘው ወደ እድሩ ጽሕፈት ቤት ይምጡ። እኔ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት እዚያ አለሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ቃል በቃል አነብላችኋለሁ፣ ከበድ ያለ ነገር ካለም ጠበቃ ዘንድ እንድትሄዱ እነግራችኋለሁ። ክፍያ የለውም። መነጽሬን ግን አታስረሱኝ።

የተከበራችሁ እድርተኞች፤ ነገሬን አስረዘምሁባችሁ። ከሰዓት በኋላ እጃችሁን ስታወጡ ሽያጩን የምትደግፉም የምትቃወሙም ብትሆኑ፣ የምትወስኑበትን ነገር ዐውቃችሁ ወስኑ። የንብረት ዝርዝሩ በበሩ ላይ ተለጥፏል፤ ድንኳኑ ሁለት፣ ወንበሩ ሁለት መቶ አርባ፣ ጎላው ስድስት ነው። ከምሳ በፊት አንድ ጊዜ እዩት።

 ዓመቱን የጤና፣ ለፋፊያችንም ሥራ የሚፈታበት ዓመት ያድርግልን።